በሟቹ የተሳበበ ሳል

ሙሉመቤት የመጀመሪያዋን ሲጋራ ያጨሰችው ከባሏ ኮት ኪስ ሰርቃ ነው። ዘመኑ ሰማንያ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ጅጅጋ ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ባሏ ተመስገን፣ እሷ ተሜ ነበር የምትለው፣ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ሆኖ ተመድቦ፣ እሷ ደግሞ በስልክ ኦፕሬተርነት ተዛውራ መጥተው፣ ኢስተሂል ከምትባል ሽቶና ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። የበኩር ልጃቸው ሞቶ የተወለደ ሰሞን ነው። ተሜ ትምህርት ቤት ውሏል። እሷ ጡቷ በወተት ተወጥሮ፣ የሚጠባው ጠፍቶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ኮቱ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ለምን እጇን እንደላከች ራሷም አታውቀውም። አሳላት፣ አዞራት፣ ሊያስመልሳት ቃጣት፤ ሲያልፍላት ግን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጭንቅላቷ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ለማቆም አላሰበችም ማለት አይቻልም። ሮዛን ባረገዘች ጊዜ እርግፍ አድርጋ ትታው ነበር። ልጅቷ ጡት በጣለች በወሩ ተመለሰችበት። የምታጨሰው ጓሮ ባለው ቆርቆሮ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ሲጋራ የምታጨስ ሴት በዚያ ከተማ፣ ሶማሌም ትሁን ሐበሻ፣ ስሟ የሚነሳበት መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ግን ማን ይጠረጥራታል? ተሜ በግልጽ ያጨሳል፤ ቤቱም መጋረጃውም እሷም እሱን እሱን ይሸታሉ። እሱ እንኳን ፓኮው ሲሳሳበት ራሱን ነበር የሚወቅሰው።

«ይሄ ሲጋራ ኪሴ ውስጥ ይተናል መሰለኝ» እያለ ይስቃል።

በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ኢሴ የሚባል የጂኦግራፊ መምህር፣ ከተሜ ጋር በእረፍት ሰዓት ከክፍል ጀርባ ቆሞ የሚያጨስ ጓደኛው፣ ደም መትፋት ጀመረ። የሳንባ ካንሰር ነው ተባለ። ግዙፍ ሰው ነበር፤ ሲቀብሩት ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች ባዶ ነገር የያዙ ይመስሉ ነበር። ተሜ ከቀብሩ ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ ረጅም ሰዓት ተቀመጠና፣ «ትምህርት ቤት ሲዘጋ እተዋለሁ» አለ።

ያለውንም አደረገ። መተርኮሻዎቹን ሰብስቦ ጣለ። ከጫት ጓደኞቹ ራቀ፤ «እዚያ ከተቀመጥኩ አፌ ጫቱን ሲቀበል እጄ ሲጋራ ይፈልጋል» አላቸው። ቅርንፉድ ገዝቶ በብርጭቆ አስቀመጠ፣ ውሃ በላይ በላዩ ጠጣ፣ ሲመሽ ሲመሽ ወደ ካራማራ ተራራ አቅጣጫ እግሩ እስኪዝል ተራመደ። የመጀመሪያው ሳምንት ሲኦል ነበር። እንቅልፍ የለውም፣ በሮዛ ላይ ይጮህና ተመልሶ ይቅርታ ይጠይቃታል። ሽንሌ ላይ ሰርግ ሄዶ አንድ ቀን ተሳሳተ። ሲመለስ ራሱ ነገራቸው፤ «ዛሬ ወደቅሁ። ነገ እንደገና እጀምራለሁ።» ከዚያ በኋላ ግን ሲጋራ አልነካም።

ሙሉመቤት ከዚያው ብርጭቆ ቅርንፉድ ትወስዳለች። እሱ ለመተው ያኝካል፣ እሷ ለመደበቅ ታኝካለች።

የከበዳት ያልጠበቀችው ነው። ተሜ ሲጋራውን ሲተው አፍንጫው ተመለሰለት። አንድ እሁድ ከጓሮ ስትመለስ በረንዳ ላይ የተማሪ ደብተር እያረመ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«ሙሉ፣ ጓሮ የሚያጨስ ሰው አለ እንዴ?»

«የጎረቤቱ ዘበኛ ይሆናል» አለች።

ተሜ መልሶ ወደ ደብተሩ አቀረቀረ። ፊቱን ሳያነሳ፣ «ለዘበኛው ንገሪው እስቲ» አላት። «የመጀመሪያው ሳምንት ነው የሚከብደው በይው። አምሮቱ ሲመጣ የማይሄድ ይመስላል፤ ትንሽ ከታገሡት ግን ይሄዳል። ብቻውን ካቃተው ደግሞ የሚረዳው ሰው አለ በይው።»

«እነግረዋለሁ» አለች። ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ተሜም ነገሩን ሁለተኛ አላነሳውም።

ከዚያ ወዲህ የምትገዛው ከገበያ ነው፤ በድንበሩ ከተማ በሐርተሼክ በኩል የሚገባውን የኮንትሮባንድ ሲጋራ። «ለእንግዳ ነው» ትላለች። ባለሱቋ ምንም ሳትጠይቅ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ትሰጣታለች።

ተሜ በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሞተ። ከሐረር ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ካራማራ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሮዛ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሙሉመቤት የሐዘኑ እንግዳ ከቤት ሲወጣ ጓሮ ትገባ ነበር፤ ሐዘኑ ሲያልፍ መውጣት አቃታት። በቀን አንድ ፓኮ ደረሰች።

ሳሉ ሲጀምራት ብርድ ነው አለች፤ ሰነበተና አቧራ ነው አለች። ሞባይል ስልክ ከተማውን አጥለቅልቆት የኦፕሬተርነቱ ሥራ ቀርቶ ወደ ሂሳብ መቀበያ መስኮት ተዛውራ ነበር፤ ደንበኛ ስታናግር ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሿ ያልቃል። ክሊኒክ ስትሄድ ቲቢ ነው ብለው አክታዋን መረመሩ፤ ነጻ ነው። ወጣቱ ጤና መኮንን ግራ ገብቶት ጠየቃት።

«ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው ነበር?»

እሷ ታጨስ እንደሆነ አልጠየቃትም። በዚያ ከተማ ያለችን የአንድ መምህር ሚስት፣ ነጠላዋን ለብሳ ልጇን አስከትላ የመጣችን ሴት፣ ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

«ባለቤቴ ያጨስ ነበር» አለች።

ጻፈው። ሮዛ አጠገቧ ሆና ሰማች።

ያቺ አንዲት ቃል ከክሊኒኩ ወጥታ በሰፈሩ ዞረች። የማኅበሯ ሴቶች፣ «ነፍሱን ይማረውና፣ እሱ ሄደ፣ ጭሱን ትቶላት» ይላሉ። ሙሉመቤት ዝም ትላለች። ሮዛ አባቷን እንደ ነፍሷ የምትወድ ልጅ ነበረች። ቀስ በቀስ ስሙን መጥራት ተወች። እናቷ ሌሊቱን ስታስል ባደረች ቁጥር ጠዋት ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቷን ፎቶ የምታይበት ዓይን እየተለወጠ ሄደ። ሙሉመቤት ያን ታያለች። ነገ እነግራታለሁ ትላለች። ነገ ሲደርስ ጓሮ ትገባለች።

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት መሥሪያ ቤቷ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሆስፒታል ያያት ዶክተር ዐብዲናስር የሚባል ዝግ ያለ ሰው ነው። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ለእናትና ልጅ አስረዳቸው፤ ሳንባዋ እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ሆኗል፤ አየር ይገባበታል፣ ገፍቶ ማስወጣት ግን አቅቶታል።

«አባቴ ነው፣ ዶክተር» አለች ሮዛ። «አባቴ ነው በጭስ እንዲህ ያደረጋት።»

ዶክተሩ መድኃኒት እንድታመጣ ሮዛን ወደ ፋርማሲ ላካት። በሩ ሲዘጋ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«ባለቤትዎ ካረፉ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ስድስት።»

«ጣትዎ ላይ ያለው ቢጫ ግን የዚህ ሳምንት ነው።»

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

ቤት ሲደርሱ ሮዛ ወንበር ላይ ወጥታ የአባቷን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች። «እያየነው መኖር የለብንም» አለች። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሙሉመቤትን ያስፈራት ይኸው ነው።

«መልሺው።»

«እማዬ፣ እስከ መቼ ነው እሱን...»

«መልሺው አልኩሽ። አባትሽ... አይደለም።» ተነሥታ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ጥቁሩን ፌስታል ከአልጋው ስር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሮዛ ከፈተችው። መጀመሪያ ነገሩ እንዳልገባው ሰው ፈገግ አለች፤ ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ሳትወለጂ።»

«አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። አንድም ቀን አላሳፈረኝም።»

ሮዛ ፎቶውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «አንቺ ግን አሳፈርሽው» አለች። «መልስ መስጠት የማይችልበት ቦታ ሆኖ። እኔም እንድጠላው አደረግሽኝ።» በሳምንቱ ሥራ አገኘሁ ብላ ድሬዳዋ ሄደች። ፎቶውን ይዛው ሄደች።

ሙሉመቤት ለኢስተሂል የነገረቻት በማግስቱ ነው፤ እያለቀሰች፣ እያሳለች። ኢስተሂል አንገቷን ነቀነቀች።

«ወላሂ አባዮ» አለቻት፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ሃያ ዓመት አንድ ሽንት ቤት ስንጠቀም የማላውቅ መሰለሽ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገርሽ ታፍሪያለሽ፣ ካፈርሽ ቤቱን ትለቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። ጎረቤት ላለማጣት ብዬ ነው።» ዓይኗን ጠረገች። «አሁን ተነሽ፣ ዶክተሩ ጋር እንሂድ።»

ዶክተር ዐብዲናስር አልገሠጻትም። የሞተው የሳንባ ክፍል እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ማትረፍ እንደሚቻል ነገራት። ቀን ይቁረጡ አላት፤ ከዚያ ቀን በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጣሉ፤ አምሮቱ ሲመጣ ብቻዎን አይሁኑ፣ እጅዎን ሥራ ያስይዙት፤ ከተሳሳቱ ተስፋ አይቁረጡ፣ እኔ ጋር ይመለሱ። ተሜ ከዓመታት በፊት ለዘበኛው ከላከው መልእክት እምብዛም አይለይም ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ባሰባት። አክታው እያነቃት፣ እንቅልፍ እያጣች፣ ኢስተሂል ላይ ሳይቀር እየተቆጣች ከረመች። ወደ ጓሮ ስትሄድ ኢስተሂል በርጩማ ይዛ ትከተላትና በሩ ላይ ተቀምጣ የገበያውን ወሬ በጩኸት ታወራላታለች። ሁለት ጊዜ ተሳስታ ሁለቴም ወደ ዶክተሩ ተመለሰች። በሦስተኛው ተወችው።

ትንፋሿ ግን አልተመለሰም። ከአልጋዋ እስከ ግቢው በር ሳታርፍ ትደርሳለች፤ ከዚያ አያልፍም። ሥራ ቀረ፣ ገበያ ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ሮዛ መጀመሪያ በወር፣ ከዚያ በሳምንት መደወል ጀመረች። ስለ ጤናዋ ትጠይቃለች፣ የመድኃኒት ትልካለች። ስለ አባቷ ሁለቱም አያነሡም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሮዛ ድሬዳዋ ላይ ስታገባ ሙሉመቤት ኢስተሂልን ይዛ በኮንትራት መኪና ሄደች። ሙሽራዋ ስትወጣ ሴቶቹ ሁሉ ወደ እናትየዋ ዞሩ፤ የመጀመሪያው እልልታ የእሷ ነው። አፏን ከፈተች። ደረቷ ወደ ላይ ተነሣ፤ የወጣው ግን ፉጨት የመሰለ ቀጭን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ኢስተሂል ክንዷን ያዘችና በእሷ ፋንታ አዳራሹ እስኪያስተጋባ እልል አለች። ሮዛ ቆማ እናቷን አየቻት። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ ጉልበቷን ሳመቻት።

በቀጣዩ ክረምት የሳንባ ምች ያዛት። ሮዛ ሆስፒታል ስትደርስ ኦክሲጅን እናቷ አፍንጫ ላይ ነበር። እናትየዋ ልትናገር ስትሞክር ሮዛ፣ «ተይው፣ ትንፋሽሽን ያዢ» ትላት ነበር። ስለ ተሜ መባል የነበረበት ሁሉ ሳይባል ቀረ። ሐሙስ ቀትር ላይ አረፈች። ሃምሳ ዓመት አልሞላትም ነበር።

በሐዘኑ ድንኳን ውስጥ አንዲት የማኅበር ሴት ለአጠገቧ ተቀማጭ፣ «ምስኪን፣ የባሏ ሲጋራ ነው የጨረሳት» ስትል ሮዛ ሰማች።

«አይደለም» አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «አባቴ ትቶት ነበር። ታጨስ የነበረችው እናቴ ናት። የሚጠይቃት ሰው ስላልነበረ ለመተው ዘገየች።»

አንዳንዶቹ ሴቶች እንዲህ ያለ ነገር በሟች ላይ ይወራል ብለው ቅር ተሰኙ፤ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አነሡ። ሮዛ መልሳ ተቀመጠች። ኢስተሂል ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣችና ከጎኗ ተቀመጠች።