ፊት ለፊት ተቀመጪ ያልኳት እናት

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጂንካ ሲደርስ ቀበሌያችን ማንበብ የሚችል ሰው ይፈልግ ስለነበር እኔንም መዘገበኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። ብቻዬን ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ በትንሽ በትልቁ ሰው አስቸግር ነበር። የአንድ ፊደል እግር ካጠረ አስፍቄ እንደገና አስጽፋለሁ።

በቀበሌው አዳራሽ ከማስተምረው ሌላ የተሰጠኝ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን ትንንሽ ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች እየዞርኩ፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ፊደል እንዲቆጥሩ ማገዝ ነበር።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ ከተማው ዳር ላይ የምትኖር የአንዲት የአሪ ሴት ቤት ነው። ሸክላ ትሠራለች። ባሏ ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዷል። አብራት ያለችው አምስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ብቻ ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«ግቢ አስተማሪ» ትለኛለች።

«ግባ ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ ግባ አልኩሽ!» ብላ ትስቃለች።

የምትፈልገውን በመጀመሪያው ቀን ነገረችኝ። «ልጄ ብቻ እንዲያውቅ አልፈልግም። አብረን። አባቱ ደብዳቤ ሲልክ አብረን እናነባለን።»

ለአንድ ቤት የሚሰጠው አንድ የፊደል ገበታ ነው። ልጅቷ ቤት ውስጥ የምትሰማው አሪኛ ስለሆነ፣ ድምፁ ከእናቷ አፍ እንዴት እንደሚወጣ እንድታይ ብዬ እናትየዋን «ፊት ለፊቷ ተቀመጪ» አልኳት። ገበታውን በርጩማ ላይ ወደ ልጅቷ አዙሬ አስቀመጥኩት። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው ከልጅቷ ጎን ነበር።

እናትየዋ ከማዶ ሆና ጭቃ የደረቀበት ጣቷን ወደምጠራው ፊደል ትዘረጋለች። ጣቷ ስቶ አያውቅም። ልጅቷ ስትሳሳት ከእኔ ቀድማ ታርማት ነበር። በደብተሬ ላይ «ሁለቱም ያውቃሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአውራጃ ፈታኝ መጣ። የቀበሌው አዳራሽ በሰው ተሞልቷል፤ ትልቅ የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሸክላ ሠሪዋ ተራ ሲደርስ ልጇን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ ፊት ወጣች። ፈታኙ በቀጭን ዱላ «በ»ን ነካ።

«ሀ!» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አዳራሹ ሳቀ። ፈታኙ «ሠ»ን ነካ።

«ጠ።»

«እህቴ፣ በሬውን ሀሬ ልትይው ነው?» አላት። ከኋላ አንዱ «ሸክላው ይሻልሻል!» ብሎ ጮኸ።

እሷ አልሳቀችም። አንገቷን ወደ ትከሻዋ አዘነበለች። ከዚያ ወገቧን አጥፋ ገበታውን ከታች ወደ ላይ ለማየት ሞከረች። ሳቁ ባሰ። ልጅቷ ከተቀመጠችበት «በ ነው እማ! በ!» እያለች ትጮህ ጀመር።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ሀ» ሲገለበጥ «በ»ን ይመስላል፤ «ጠ» ሲገለበጥ «ሠ»ን። ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። ባስቀመጥኳት ቦታ ተቀምጣ፣ ፊደሉን ሁሉ ከነግልብጡ ተምራዋለች። ገበታው ወርዶ ቢገለበጥላት ሁሉንም ትጠራው ነበር።

ፈታኙ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ ያስተማርካት?»

«አዎ።»

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ገልብጡላት ብል፣ እንደዚያ ያስቀመጣት ማን እንደሆነም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ፈታኙ ከስሟ ፊት ለፊት ጭረት አደረገ። እሷም ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ። ልጅቷ በርጩማው ፊት ብቻዋን ተቀምጣ ትቆጥራለች። እናትየዋ በር ላይ ነበረች፤ ግቢ አላለችኝም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ገበታውን ገልብጬ ያዝኩላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠራችው፤ አንድም አልሳተችም።

«አዳራሹ ውስጥ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«ሁለተኛው ፊደል ላይ ገባኝ።»

«ገባሽ» አለች። «እና ዝም አልሽ።»

ከልጅሽ ጎን ተቀመጪና እንደገና እንጀምር፣ በአንድ ወር ይቃናልሻል አልኳት። ከልቤ ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

«የኔ ግልብጥ ነው። ልጄን ያበላሻል።»

«አያበላሽም። አሁን ሲገባሽ...»

«ተዪው፣ አስተማሪ።»

ልጅቷ ተነሥታ ገበታውን ከእጄ ተቀብላ በርጩማው ላይ መለሰችው፤ እናቷንም በእጇ እየጎተተች ወሰደቻትና በለመደችው ቦታ፣ ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት። ራሷም ተመልሳ ተቀመጠች። «ሀ» አለችና ቀና ብላ አየቻት። እናትየዋ ወደ ደጅ ትመለከታለች። «ሁ» አለች ልጅቷ፤ እንደገና ቀና አለች። «ሂ» ላይ ስትደርስ ቀና ማለቱን ተወችው፤ ገበታው ላይ አቀርቅራ ብቻዋን ቀጠለች።