ከሰው ገላ የወጣ

ከዋጃ በሕዝብ መኪና ተነስተን ቆቦ መግቢያ ኬላ ላይ ታጣቂዎች ሲያስቆሙን፣ መጀመሪያ ያወረዱት እኔን ሳይሆን የበረዶ ሳጥኔን ነው። ክዳኑን የከፈተው አንዱ ብልቃጦቹን አይቶ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የማህፀን ካንሰር ከያዛቸው እናቶች የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ ነው። አዲስ አበባ ለምርመራ ይሄዳል።»

እውነቱን መናገሬ ጎዳኝ። «ሥጋ» የሚለውን ከሰማ በኋላ ማን ሊያዳምጠኝ!

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነው። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ጎብዬ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ፣ ልጃቸው ሲሰወር በእሱ ፈንታ የተያዙ። «ነይ ልጄ፣ በበሩ ስር ትንሽ ንፋስ ትገባለች» ብለው ጠጋ አሉልኝ።

ወዲያው ለምርመራ ተጠራሁ። ተመራማሪ መሆኔን፣ በረዶውም እስከ ማታ ብቻ እንደሚቆይ ለመርማሪው ነገርኩት። ካንሰር የሚመጣው ዘረመሉ ሲበላሽ እንደሆነ፣ የተበላሸውን ለይቶ የሚያርም ሕክምና እንደምንፈልግ አስረዳሁ።

«ከቀለጠ ሁሉም ገደል ገባ። እባክህ ፍሪጅ ውስጥ አስገባልኝ፤ እኔን እዚሁ ያዘኝ።»

«የሴቶቻችንን ሥጋ ለማን ነው የምትሸጪው?»

«አልሸጥም።»

«በነፃ ነዋ የምትደክሚው! ቂል አደረግሽን እንዴ?»

ፍሪጁ ከጀርባው ያጉረመርማል። ከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ አወጣ፣ ጠጣ፣ መልሶ ዘጋው። ሳጥኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ያን ጊዜ የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ሳጥኑ ውስጥ የዋጃዋ እናት ናሙና ነበረበት። ስወስድላት እጄን ይዛ፣ «እኔስ አለቀልኝ፤ በሽታው ለልጄ ይተርፋት እንደሁ ብቻ ንገሪኝ» ብላኛለች። መልሱን ራሴ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው ሳጥኑን ወርውሮ አስገባልን። «እንኪ ሥጋሽን፣ ገማብን!»

ከፈትኩት። ብልቃጦቹ ለብ ያለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ዘጋሁትና «ይጣል፣ ከእንግዲህ ለምንም አይሆንም» አልኩ።

አሮጊቷ ቀና አሉ። «ምን ይጣላል? ከሰው ገላ የወጣ አይደል?»

«ናሙና ነው እማማ፣ ሬሳ መሰለዎት እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«አስተግፊሩላህ! ውሻ ይብላው ታዲያ? እስላም ናቸው ክርስቲያን?»

«ሁለቱም አሉበት።»

«እንግዲያ አንቺም እንዳንቺ፣ እኔም እንደኔ። ተነሺ።»

ነጭ ሻሻቸውን ቀደው ዘረጉልኝ። እያንዳንዱን ከብልቃጡ አውጥቼ ጠቀለልኩት። ለሽንት ሲያስወጡን ጠባቂው «ምን ይዛችኋል?» አለ።

«ቀብር አለብን» አሉት እማማ።

ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይቶ ተወው። እሱ ያሳየን ሽንት ቤቱ ጀርባ ነው፤ እማማ እሺ አላሉም። አጥሩ ጥግ ካለው ቁልቋል ስር በቁራጭ ቆርቆሮ ቆፈርን። እሳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ጸሎት ከተውኩ የቆየሁት እኔ «እግዚኦ» አልኩ። ጠባቂው መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

ከሳምንታት በኋላ «ተሳስተን ነው» እንኳ ሳይሉ ለቀቁኝ። ሳጥኑን አስቀሩት፤ ውሃ ያቀዘቅዙበት ይሆናል። እማማን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ፤ መጨረሻቸውን አልሰማሁም።

ዛሬም ያንኑ ምርምር እሠራለሁ። በቀደም የዋጃዋ እናት ልጅ ፈልጋ አገኘችኝ። እናቷ ሞታለች።

«ይተርፈኛል ወይ?» አለችኝ።

«ከእናትሽ የወሰድኩት ቢኖር ኖሮ የቱን የዘረመል ብልሽት እንደምፈልግብሽ አውቅ ነበር። አሁን አላውቅም።»

«የት አደረግሽው?»

«ቀበርኩት።»

አሳዪኝ ብላ ያዘችኝ፤ ቆቦ ወሰድኳት። መጋዘኑ ዳግም ማዳበሪያ ሞልቶታል፤ ዘበኛው አላስገባም አለን። በአጥሩ ቀዳዳ ቁልቋሉን አሳየኋት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና አስፋልቱ ዳር ቆማ አለቀሰች።

«እንኳን ቀበርሽልኝ» አለችኝ ስትጨርስ።

ስለ መልሱ ደግማ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።