ጃንጥላ የሞላበት ደሴት

ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ አንቺና እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርስ የምንበላበት ምግብ ቤት፣ አስተናጋጁ ጠዋት የእግረኛው መንገድ ላይ ጃንጥላ ይዘረጋል። ባለፈው ቅዳሜ ካንቺ ቀድሜ ደርሼ ቆሜ ሳየው፣ ቀዩን ጃንጥላ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርገው ሸራው ጧ ብሎ ተከፈተና ታጥፎ የከረመ ጨርቅ ሽታ ሸተተኝ። አንቺ መጥተሽ፣ "አክስቴ፣ ምነው? ዓይንሽ እንባ አቅርሯል" አልሽኝ። "አቧራ ነው" አልኩሽ። አቧራ አልነበረም። የአባትሽና የአያትሽ ነገር ነው። አባትሽ ደግሞ ይህን ለማንም አያወራም፤ እንግዲህ እኔው ልንገርሽ።

በሰባዎቹ መጨረሻ ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ያኔ ፌርፋክስ ላይ የእኛ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። መንገዱ የአይሁድ ዳቦ ቤቶች ነበሩበት፤ ጠዋት የትኩስ ዳቦ ሽታ በመስኮታችን እየገባ ይቀሰቅሰን ነበር። አባትሽ ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶች መኪና ያቆማል። እኔ እሱ ያስመጣኝ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ የቀረው ሥራዬ መሳቅ ነበር። እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ለሕክምና መጥታ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ሞራው ከተገፈፈላት በኋላ የጠርሙስ ቂጥ የሚያክል መነጽር ታደርግ ነበር። ቅርጹን በደንብ ባትለየውም ቀለሙ ሁሉ ደምቆ ይታያታል፤ መንገድ ላይ የቆመ ቢጫ መኪና ሳይቀር ታደንቃለች።

በአባትሽና በእኔ መሃል አንድ ወንድም ነበረን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበር። እናቴ እዚህ በመጣች በጥቂት ወር ታሰረ። "ስንቁን ማን ያቀብለዋል? ልሂድ" ስትል ሰው ሁሉ "መጀመሪያ ዓይንሽ ይዳን" እያለ ያዛት። ጠዋት ስትነሳም ማታ ስትተኛም የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "አውጣልኝ"።

አንድ ሐሙስ ቀን ሃውቶርን በሚባል ቦታ የአይሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራው ለአባትሽ ጓደኛ ከአገር ቤት ስልክ ተደወለለት። ወንድማችን ተገድሏል። ጓደኛው ሆሊውድ ድረስ ነድቶ ሄዶ፣ አባትሽን ከቆሙት መኪኖች መሃል ጠርቶ ነገረው። አንቺ እዚህ ተወልደሽ ላታውቂው ትችያለሽ፤ በእኛ ወግ መርዶ እንዲሁ እንደተገኘ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ፊት ቀድሞ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። በከተማው ትልቅ ሰው የምንላቸው አንድ ጋሼ ነበሩ፤ የቀረነው ሁሉ ተማሪና ሠራተኛ ነን፤ ሁሉም ከሥራ ነፃ የሚሆነው እሁድ ነው። ስለዚህ መርዶው ለእሁድ ንጋት ተቀጠረ። እስከዚያ አባትሽ ብቻውን ያዘው። የቤቱን ስልክ ሽቦ ነቅሎ "ተበላሽቷል" አለን። ቅዳሜን ግን ሰው ሳይደርስባት እናቴን የት ያድርጋት? አንዱ መጥቶ ፊቱ ቢያሳብቅስ? ከከተማው ሊያወጣት ወሰነ። ይህን ሁሉ እኔ በኋላ ነው የሰማሁት። መርዶው የእኔም ነበርና ከእኔም ተደብቋል።

አርብ ማታ ጓደኛው ዘንባባና ሰማያዊ ባሕር የተሳለበት የጎብኚ ወረቀት ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከባሕሩ ማዶ ያለችው የካታሊና ደሴት ናት። ከወረቀቱ ላይ አንገቱን ሳያቀና ነበር የሚያወራው፤ ወደ እናቴ ማየት ፈርቶ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

"ሶ፣ እማማ፣ ሦስት መንገድ አለ። አንድ በትልቁ ቦት፣ ሁለት በሄሊኮፕተር፣ ሦስት ደግሞ ውሃ ላይ ላንድ በሚያደርግ ፕሌን። እኔን ከጠየቁኝ ፕሌኑ ይሻላል፤ ቁጭ ብድግ ሳይሉ ይደርሳሉ። ኦኬ ካሉኝ አሁኑኑ ሪዘርቭ አደርጋለሁ።"

"ወዴት ነው የምትወስዱኝ?" አለች እናቴ።

"ደሴት" አላት አባትሽ። "ባሕር መሃል ያለ ደሴት።"

እናቴ እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ ከወላጆቿ ጋር ጣና ላይ ወዳለ የደሴት ገዳም ሄዳ ነበር። ወንዶቹ ወጥተው ሲሳለሙ፣ ሴት አይገባምና እሷና እናቷ ታንኳው ላይ ቁጭ ብለው ዋሉ። ያንን ቀን ብዙ ጊዜ ታነሳዋለች። እሷ ዘንድ ደሴት ማለት ገዳም ነው፤ ሰው ለሌላ ጉዳይ ባሕር ተሻግሮ ደሴት ይሄዳል ብላ በሕልሟም አስባ አታውቅም።

"ሴት ይገባል?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እንዴ እማማ! ሴትማ ሞልቷል" አለ ጓደኛው።

"ተመስገን! በአየር ግን አይሆንም። ደሴት በታንኳ ነው የሚኬደው።"

በዚሁ ነገሩ አለቀ፤ በጀልባ ሆነ። ያን ማታ እናቴ እራት አልበላችም። ጠዋት ስነቃ ተጣጥባ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችውን ጧፍ በመሐረብ ጠቅልላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ቁምጣዬን ለብሼ ስወጣ አየችኝና "እንዲህ ሆነሽ?" ብላ አንድ ቀሚስ ከላይ ደረበችልኝ። አልገባኝም። ፈረንጅ አገር ያለን ደሴት አክብራ ሳይ ሳቄ መጣ።

ወደቡ ናፍጣና ጨው ይሸታል። ወፎቹ ከራሳችን በላይ እየጮኹ ይዞራሉ። ጀልባው ሲነሳ እናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ አባትሽ ከኋላ ብቻውን ቆመ። ሄጄ እጁን ስይዘው ቀዝቅዞ ነበር። "ባሕሩ አጥወልውሎኝ ነው" አለኝና አመንኩት። አየሽ፣ ያን ቀን እንደ እኔ የተደሰተ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ ድረስ በሕይወቴ ጥሩ ቀን ቁጠሪ ብባል ያንን ቀን ሳልቆጥረው አላልፍም፤ ወንድሜ ሞቶ ሳለ የሳቅኩበት ቀን መሆኑን እያወቅኩ።

ደሴቱ ሲቀርብ የባሕሩ ዳርቻ ታየ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ጃንጥላ አሸዋው ላይ በረድፍ በረድፍ ተዘርግቷል። እናቴ ብድግ አለች። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አየችና፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሃል፣ ነጠላዋን ይዛ "እልልልል!" አለች። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ንግሥ ነው!" ትላለች። "ጃንጥላውን እዩልኝ! የስለት ጃንጥላ ነው! ንግሡ ላይ አደረሰን!"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ጓደኛው "እማማ፣ ቢች እኮ..." ብሎ ሊጀምር አባትሽ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። ከዚያ ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ "አዎ እማዬ፣ ንግሥ ነው" አላት። የሚቀልድ መስሎኝ ጨምሬ ሳቅኩ።

ስንወርድ ደግሞ የባሰ መጣ። ራቁቱን ሊሆን ምንም ያልቀረው ሰው ውሃው ዳር ተጋድሟል፣ የፀሐይ ቅባቱ ሽታ አየሩን ሞልቶታል። እናቴ ዓይኗን ወደ መሬት ሰብራ "የጠበልተኛው ብዛት!" አለች። "ቅባቱንም ተቀብተዋል። ምስኪኖች፣ ይማራቸው።" ለሁሉም በእጇ አማተበችላቸው።

ጓደኛው እኛን ትቶ ሄዶ ለጎልፍ ሜዳ ከተሠሩት ከነዚያ ጣሪያ ብቻ ካላቸው ትንንሽ መኪኖች አንዷን ተከራይቶ መጣ። በአውቶቡስም መዞር ይቻላል፣ በብስክሌትም፤ ወለሉ መስታወት የሆነ ዓሣ የሚያሳይ ጀልባም አለ። "በዚች ራውንድ እናደርጋለን፣ ከዚያ ጀልባዋ ላይ እንገባለን" እያለ ሲያስረዳ ከኮረብታው ላይ ደወል ተደወለ። ሰዓት የሚናገር ደወል ነው፤ ያለ ቤተ ክርስቲያን ለብቻው የቆመ ግንብ ላይ የተሰቀለ። እናቴ ግን ደወሉን ስትሰማ ቆመች፣ አማተበች፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

"ይግቡ እማማ፣ ሩቅ ነው፣ ዳገት ነው" አላት ጓደኛው።

"ገዳም በመኪና አይወጣም፣ ልጄ።"

በባዶ እግሯ ዳገቱን ተያያዘችው። አባትሽ ጫማዋን አንስቶ ከጎኗ ሄደ። ጓደኛውና እኔ በዚያች መኪና ከኋላ ከኋላቸው ቀስ እያልን ተከተልን፤ እኔ አይስክሬሜን እየላስኩ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በፀሐይ ደርቆ ይሸት ነበር። አባትሽ የእናቱን ጫማ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎታል። አንድም ጊዜ ወደ እኛ አልዞረም።

ከላይ ስንደርስ የግንቡ በር ተቆልፏል። እናቴ "ቄሱ ወርደው ይሆናል፣ ንግሥ አይደል" አለችና ግድግዳውን ሳመች። ጧፏን ስትለኩስ ነፋሱ እያጠፋ አስቸገራት፤ አባትሽ ኮቱን ከፍቶ ከለለላት። ያኔ ጮክ ብላ ተሳለች።

"የዚህ ደሴት ባለቤት፣ ስምህን አላውቀውም፣ አንተ ግን ታውቀኛለህ። ልጄን ከእስር አውጣልኝ። ካወጣህልኝ እንደነዚያ ያለ ጃንጥላ ይዤ በእግሬ እመጣለሁ።"

"አሜን" አልኩ እኔ። ጓደኛውም "አሜን" አለ። እናቴ ወደ አባትሽ ዞረች።

"አንተስ? አሜን በል እንጂ! ወንድምህ አይደለም?"

አባትሽ ጫማዋን ያየው ነበር። እናቴ ጠበቀችው። በመጨረሻ "አሜን" አለ፤ እንደዚያ ያለ አሜን ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ስንመለስ እናቴ በላች፣ ተጫወተች፣ ጀልባው ላይ በአባትሽ ትከሻ ላይ ተኛች። ወንድሜ ከታሰረበት ቀን ጀምሮ እንዲያ ተኝታ አላየኋትም።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። በሩን ስከፍት ጋሼ ከፊት ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እናቴ ገና ማንም አፉን ሳይከፍት ነጠላዎቹን አየች። ስለ ቀረው አልነግርሽም።

ሐዘኑ ጋብ ሲል እናቴ አባትሽን "ደሴቱ ላይ ታውቅ ነበር?" አለችው። "አዎ" አላት። ከዚያ ወራት ሙሉ ከእጁ እህል ውሃ አልተቀበለችም። ሲገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ተይ ብዬ ለመንኳት፣ ጋሼም መጥተው መከሯት። "በሞተ ልጄ ስለት አሜን አለብኝ" ከማለት በቀር መልስ የላትም። አባትሽ ከሳ። እኔ ሁለተኛውን ወንድሜንም ላጣ ነው ብዬ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው በጋ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ እናቴ ወለሉ ላይ ቀይ ጃንጥላ ዘርግታ በጠርዙ ዙሪያ ወርቃማ ዘርፍ ስትሰፋ አገኘኋት። ሚራክል ማይል ከሚባለው ሰፈር ካለ ሱቅ ጎረቤታችን ያለችውን ሴትዮ ይዛ ሄዳ ገዝታዋለች። አባትሽ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

"እማዬ፣ እዚያ ገዳም የለም" አላት። "ጃንጥላውም የዋናተኛ ነው። ዋሽቼሽ ነው።"

"አውቄያለሁ" አለች፣ መርፌዋን ሳታቆም። "የሰማኝ ግን ሰምቶኛል። ስለቴ ሰምሯል።"

"እንዴት?"

"ከእስር አውጣልኝ ነበር ያልኩት። ወጥቷል እኮ። ካንተ አሜን በፊት ወጥቷል።"

ሄድን። በጀልባ ተሻግረን፣ ዳገቱን በባዶ እግሯ ወጣች፤ አባትሽ በአንድ እጁ ጫማዋን፣ በአንድ እጁ ጃንጥላውን ይዞ። ጓደኛው እንደዚያው ትንሽዋን መኪና ተከራይቶ ከኋላችን አዘገመ። ግንቡ ሥር እናቴ ጃንጥላውን ተቀብላ ከፈተችው፤ ጧ አለ። ግድግዳው ላይ አስደግፋ ግንባሯን ዘንጉ ላይ አሳረፈች።

"አሜን" አለ አባትሽ፣ ማንም በል ሳይለው።

እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በአቧራ የነጣ እግሯን ወደ እሱ ዘረጋች።

"በል ጫማዬን አድርግልኝ" አለችው። "በመኪናዋ ነው የምንወርደው። ደክሞኛል፣ ልጄ።"