በአሥራ ሁለት አምፖሎች ያሳየሁት የልጄ ሕመም

መጀመሪያ የቀኝ እጇ አውራ ጣት ብቻ ነበር የሚርገበገበው። ልጄ ጥሩነሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እኔ ነገሌ ጦር ሰፈር ሬዲዮ እጠግን ነበር። «አትቀልጂ!» ብዬ ገሠጽኳት። በሳምንቱ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ወደቀች።

ግራ እጇ ፍም ላይ አረፈ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ማንም አልነካትም። ለሃጯ የነካው ይያዛል ይባል ነበር። ባለቤቴ ዳኪ ስትሮጥ ወገቧን ይዤ አስቀረኋት። «ልቀቀኝ! ልጄ ነደደች!» አለች። አልለቀቅኋትም። «ክብሪት አምጡ!» እያልኩ እጮህ ነበር። ጢሱን ስታሸት ትነቃለች ብዬ። እጇ እየነደደ፣ ክብሪት! ዳኪ ክንዴን ነክሳ አመለጠችኝና ጎትታ አወጣቻት። ሁለት ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ አልተዘረጉም።

ዛሬም ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

በጦሩ ካሚዮን ሦስት ቀን ተጉዘን አዲስ አበባ ደረስን። ሆስፒታሉ ውስጥ ራሷ ላይ ሽቦ ለጥፈው ኢ.ኢ.ጂ. አነሷት፤ የመሣሪያው መርፌዎች ወረቀት ላይ የአንጎሏን ኤሌክትሪክ ጻፉት። ሐኪሙ «የሚጥል በሽታ ነው። አይተላለፍም» አለኝ። «የአንጎል ሴሎች በኤሌክትሪክ ይነጋገራሉ። እሷ ስትወድቅ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይጮኻሉ። ፌኖባርቢታል የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ ትውሰድ፤ አንድም ቀን እንዳይዘለል።»

ስንመለስ የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር «ሌሎቹ ልጆች ይያዙብኛል» ብሎ ከትምህርት አስቀራት። ተናድጄ አልሰደብኩትም ብል ውሸት ነው። ከዚያ ከተጣሉ ሬዲዮዎች ሽቦና ሪሌ የሚባለውን፣ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ለቅሜ አሥራ ሁለት አምፖሎች ሳንቃ ላይ ደረደርኩ። በየተራ ብልጭ ሲሉ ጤነኛ አንጎል ነው፤ አንዱን ሽቦ ነቅዬ ሌላ ቀዳዳ ስሰካው ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሁሉም ባንዴ ይርገበገባሉ። ሕመሙ ብዙ መልክ ስላለው ሽቦዎቹ እንዲቀያየሩ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ እንደ ጥሩነሽ አውራ ጣት ከአንድ ጥግ ብቻ የሚነሣውንም ያሳያል።

ወላጆች በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስበው አዩት። የሚርገበገቡትን አምፖሎች በእጄ ጨብጬ «ይኸው፣ ተያዝኩ?» አልኩ። ሰው ሳቀ። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ቦሩ ግን አልሳቁም።

«ስማ ናጋ፣ ልጄ። ይሄ ኤሌክትሪክ ከሆነ ሥራህ ነው፤ በየቀኑ ትነካዋለህ። ያን ቀን ልጅቷን ለምን አልነካህም? እናቲቱንስ ለምን ያዝካት?»

«ፈርቼ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያ ይሄንን ንገረን። አምፖሉ ይቆየን።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱን በር ከፈተላት።

በዓመቱ ጥሩነሽ ክፍል ውስጥ ወደቀች። አጠገቧ የምትቀመጠው ሎኮ ወንበሩን ገፍታ፣ በጎኗ አስተኝታ፣ ሻሿን ከራሷ ሥር አድርጋ እስክትነቃ አብራት ቆየች። ክብሪት የፈለገ አልነበረም። ሎኮን፣ ሐኪሙን፣ አባ ቦሩን አመሰግናለሁ። ዳኪን በምን አፌ እንደማመሰግናት አላውቅም።

ይህ ሕመም ቤታችሁ የገባባችሁ ሁሉ፣ ልጄ ተሻላት ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። አፏ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ከእሳትና ከውኃ አርቋት።

ጥሩነሽ ያን ቀን ራሷን ስታ ስለነበር እናቷን የያዝኳት እኔ መሆኔን አታውቅም ነበር። የሰማችው እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ከሰው ሁሉ ጋር ነው። ብዙ ጊዜ አላናገረችኝም፤ እውነት አላት። እናንተ ግን ልጃችሁ ስትወድቅ ሩጡ።