ቀዩ ሰፍነግና ባለ ፒጃማው

በላስ ቬጋስ በአንድ ካዚኖ አኳሪየም፣ በዓሣ ማሳያ ገንዳዎቹ፣ በጠላቂነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ አለቃዬ ማርቪን መጀመሪያ የሰጠኝ ብሩሽ ነበር። «ከባሕር የመጣ ድንጋይ ሁሉ ነጭ እስኪሆን ይፈተጋል፤ ተውሳክ የሚገባው በዚያ ነው» አለኝ። ቀድሞ የእንስሳት ጥናት አስተማሪ እንደ ነበርሁ አልነገርሁትም። ሳይጠየቁ መናገር ልማዴ አይደለም።

የጠላቂ ሥራ ለዝምተኛ ይስማማል። ከውኃ በታች የምንነጋገረው በእጅ ነው።

ከዓመታት በኋላ ሣራ ተቀጠረች፤ ከአጎራባቹ ከተማ ከሄንደርሰን እየነዳች የምትመጣ፣ እዚሁ የተወለደች የኢትዮጵያውያን ልጅ። አንድ ጠዋት አዲስ የመጣ ሁሉ ለብቻው ከሚቆይበት ከማቆያው ገንዳ አጠገብ ጮኸች፦

«ጋሼ፣ እርስዎ ቶሎ ና! ፒጃማ ለብሶ መጣ!»

ከአዲስ ድንጋይ ጋር ሳይታይ የመጣ፣ ዛጎል የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። የትንሽ ጣት ያህላል፤ ሰማያዊ ነው፣ ጥቁር መስመር አለው፣ ጠርዙ ብርቱካንማ ነው። የሚተነፍስበት ስንጥቡ በጀርባው ላይ እንደ አበባ ተከፍቷል። በቀይ ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች ያውቁታል፤ እነርሱም ባለ ፒጃማው ይሉታል።

ነገር ግን አልበላም።

«ሽሪምፕ ትራይ አደረግሁ፣ ሰላጣ ትራይ አደረግሁ። ይጾማል እንዴ?»

«የጾሙንም አቅርበሽለት የለ» አልኋት።

ሳቀች። ወዲያው ግን «ትንሽ እየሆነ ነው፣ ጋሼ» አለች።

ዘመዶቹ ሰፍነግ የሚባለውን፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ እንደሚበሉ፣ እያንዳንዱም የራሱን ዓይነት እንደሚመርጥ አውቃለሁ። የእርሱ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ሣራ ከትልቁ ገንዳ ቢጫ ሰፍነግ ቆርጣ አቀረበችለት፤ አልፎት ሄደ።

ማርቪን መጥቶ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው። ክፉ ሰው አልነበረም። «እስከ ዓርብ ካልበላ በማደንዘዣ እናሳርፈው። በረሃብ ሲያልቅ ማየት አልችልም» አለ።

ሐሙስ ዕለት ሣራ ከባለ ፒጃማው ጋር ከመጡት መካከል ሳይፈተግ የቀረውን አንድ ድንጋይ አነሣች። ከሥሩ ቀይ፣ ለስላሳ ነገር ተለጥፎበታል። ብሩሹን ስታስጠጋ፣ በውኃ ውስጥ እንደምናደርገው መዳፌን ዘርግቼ አስቆምኋት።

«ቆሻሻ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ሰፍነግ ነው። ምናልባት ከሌሎቹ ድንጋዮች ፈትገን የጣልነው ምግቡን ነው።»

«ተውሳክ ቢኖርበትስ?» አለ ከኋላችን የደረሰው ማርቪን።

ያን ዕለት ከእኔ ሰምቶ የማያውቀውን ያህል ተናገርሁ። ድንጋዩ ከማቆያው ገንዳ እንደማይወጣ፣ ውኃውን እኔ በየቀኑ እንደምመረምር፣ ሌላ ተስፋ እንደሌለን አስረዳሁት። ብሩሹን ከሣራ እጅ ወስዶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ።

ዓርብ ጠዋት ባለ ፒጃማው በቀዩ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ባለፈበት ድንጋዩ ተልጦ ይታያል።

«በላ! ጋሼ፣ በላ!»

የእነዚህ ፍጥረታት ዕድሜ አጭር ነው። ሰፍነጉ ሳያልቅ የእርሱ ዕድሜ አለቀ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለአዲስ ጠላቂ ብሩሽ የምሰጠው እኔ ነበርሁ። ድንጋይ ከመፈተጉ በፊት፣ በላዩ ያለውን ማን እንደሚበላው እንዲጠይቅ እነግረው ነበር።