መርዶ በሦስተኛው መስመር

የምሠራበት ድርጅት ከአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ብዙም ያልራቀ ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍል ይዟል። ለክሊኒኮች፣ ለጥርስ ሐኪሞችና ለአረጋውያን ቤቶች መልእክት የሚልክ ፕሮግራም እንሠራለን። ነገ ቀጠሮ አለዎት፣ መነጽርዎ ደርሷል፣ የደም ምርመራዎ ውጤት ወጥቷል። ሰው እጁን ሳያስገባበት ኮምፒውተሩ ራሱ ይልከዋል። የኔ ድርሻ መልእክቱ ሳይደርስ ሲቀር ምን ይደረግ የሚለው ነበር። ስልክ ይዘጋል፣ ቁጥር ይቀየራል፣ ሮኬት በሚወርድበት ቀን መስመሩ ይጨናነቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንደኛው ዘመድ አጭር መልእክት ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ለሁለተኛው ይሄዳል። ያም ካልሆነ ማሽኑ መዝገቡ ላይ ወዳለው የቤት ስልክ ይደውልና በቤተሰቡ ቋንቋ ይናገራል።

ይህን ያቀናበርሁት እኔው ነኝ፤ እኮራበትም ነበር። ሦስተኛው ቁጥር ካልተሞላ ፎርሙ አልመዘገብም እንዲል ያደረግሁትም እኔ ነኝ። አለቃዬ ሰዉን አታስጨንቂ ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ሁለት ስልክ ዘግቶ የሚቀመጥ ቤተሰብ ዘመዱን የረሳ ቤተሰብ ነው ባይ ነበርሁ። እንዲህ ያለው ቤቱ ድረስ ተደውሎ ይነገረው፣ ትንሽ ይፈር አልሁ።

ለሩሲያኛው ድምፅ ባለሙያ አመጡ። ለአማርኛው «አንቺ አለሽልን አይደል?» አሉኝ። ፕሮግራመር ሆኜ ስንት ዓመት ሠርቼ ለእነሱ አሁንም ኢትዮጵያዊቷ ነኝ። ነገሩ አንጀቴን አሳረረው፣ ግን እንቢ አላልሁም። ማማዱ ውስጥ ቀዳሁት፤ የሮኬት መጠለያው ክፍል ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የውጭ ጫጫታ አይገባበትም። አርባ የሚያህሉ መልእክቶችን አነበብሁ። ከእነዚያ አንዱ የአረጋውያን ቤት መልእክት ነበር።

«ውድ ደንበኛ፤ በእኛ ዘንድ ሲጦሩ የነበሩት ዘመድዎ ሕይወታቸው ማለፉን በሐዘን እንገልጻለን። ንብረታቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲወስዱ በአክብሮት እንጠይቃለን። መልእክቱን ከሰሙ አንድን ይጫኑ። ለመድገም ሁለትን ይጫኑ።»

አለቃዬ ቋንቋውን ባይሰማም በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «ቀዝቀዝ አድርጊው፤ ማሽን አያለቅስም» አለኝ። አቀዘቀዝሁትና ደግሜ አነበብሁት። ወደደው። መርዶ በስልክ እንደማይነገር እዚያ ቢሮ ውስጥ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሐዘንተኛው ተኝቶ ይደር ይባላል፤ በማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ራሱን እንዳይጎዳ በግራና በቀኝ የሚይዘው ሰው ይቀመጣል፤ ከዚያ ይነገረዋል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያነበብሁት። ለሌላ ሰው የሚደርስ ነገር ነበር የመሰለኝ።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አግብቶ አያውቅም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንመጣ እኔን ያዘለኝ እሱ ነው። ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ግቫት ጺዮን ሰፈር እናቴ ቤት ይኖር ነበር፤ እግሮቹ ሲከዱትና እናቴ ማንሳት ሲያቅታት ከድርጅታችን ደንበኞች አንዱ የሆነ የአረጋውያን ቤት አስገባነው። እናቴ አልፈለገችም። ዕድሜሽን ቁጠሪ፣ ትሞቺበታለሽ ብዬ ያፋጠጥኋት እኔ ነኝ። ፎርሙንም የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አንደኛ ወንድሜን፣ ሁለተኛ ራሴን ጻፍሁ። ሦስተኛው ቦታ ላይ በቃሌ የማውቀውን ብቸኛ የቤት ስልክ፣ የእናቴን ቁጥር ሞላሁ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሞተ። ነርሷ ለወንድሜ ደወለችለት፤ እሱም አንድ የዘመድ ሽማግሌ ይዞ አቲቆት ሰፈር እኔ ቤት መጣ። ቀብሩ በማግስቱ ከሰዓት ሆነ፤ እናቴ ደግሞ ከቀብሩ በፊት በማለዳ ይነገራት ተባለ። ችግሩ እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለሁለታችንም መደወሏ ነው።

«አባባ፣ ብትደውል ምን እንበላት?» አልኋቸው።

«ስልኩን ዝጉት። በድምፃችሁ ታውቅባችኋለች። ነገ በወጉ በአፋችን እንነግራታለን» አሉ ሽማግሌው።

«በሴዴር፣ እሺ፣ ዘጋሁ» አለ ወንድሜ። እኔም ዘጋሁ። ያን ጊዜ ሥራዬ ትዝ አላለኝም። ይህን ስናገር ወንድሜ እስከ ዛሬ አያምነኝም፤ ቢያምነኝም ምንም አይጠቅመኝ። የአረጋውያኑ ቤት ጸሐፊ መዝገቡ ላይ ሞተ ብላ ምልክት አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ማሽኑ እኔ እንዳዘዝሁት ሠራው።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ስምንት ሆነን ደረጃውን ወጣን። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ያላትን ወንበር ሁሉ በግድግዳው ዙሪያ ደርድራዋለች። ሁለቱም ጉንጮቿ በጥፍር ተቧጭረው ደሙ ደርቋል። በግራና በቀኝ ሊይዟት የመጡት ሁለት ሴቶች ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው በሩ ላይ ተገተሩ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እትዬ፣ እንደምን አደሩ፣ ትንሽ ጉዳይ ገጥሞን» ብለው ጀመሩ።

«ይቀመጡ። ተነግሮኛል።»

«ማን ነገረዎት?»

በአገጯ እኔን አሳየች። «ትናንት ደውላ። ዕቃውንም በሁለት ቀን ውሰዱ ብላለች።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አልደወልሁም» አልሁ፤ አፌ ላይ እያለ ገባኝ። እናቴ ለለቀስተኞች ከደረደረችው ወንበር አንዱ ላይ ቁጭ አልሁ። ስልኬን ስከፍት ደውላልኝ እንደነበር የሚናገር መልእክት በመልእክት ላይ ገባ። ለወንድሜም እንዲሁ ነበር። ማሽኑ ከነገራት በኋላ እስኪመሽ ሁለታችንን ስትፈልግ ውላለች። ጎረቤቶቿ አማርኛ አይሰሙም፤ እሷም በዕብራይስጥ «ወንድሜ ሞተ» ብላ በር ማንኳኳት አልሆነላትም። ብቻዋን አለቀሰች፤ ፊቷን ስትቧጭር እጇን የያዘላት ሰው አልነበረም።

በሐዘኑ ሰባት ቀን ወንድሜ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሲገባ፣ «የነገረቻት ይቺ ናት» እያለ በጣቱ ያሳየኝ ነበር። አላስቆምሁትም፤ ውሸት አልተናገረ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ ፊቴን ስታጠና ቆየችና፣ «ድምፅሽን አውቄዋለሁ። የዓይን ሐኪሙን ቶር፣ ቀጠሮውን፣ የምትነግሪኝ አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኋት። ደስ ብሏት ለአጠገቧ ሴት ነገረቻት። እናቴ ፊት ለፊታችን ሆና ትሰማ ነበር።

ሥራ ስመለስ አለቃዬ እጄን ጨብጦ አጽናናኝ፤ ቀጥሎም የምሥራች አለኝ አለ። ሦስተኛው መስመር በአማርኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቷል፣ ደንበኛዋ አንስታ አዳምጣ አረጋግጣለች። ደንበኛዋ እናቴ ናት አልሁት። ፊቱ ቀላ፤ «ቢሆንም ደርሷል እኮ» አለ። መልእክቱ ከማሽኑ ይውጣ፣ ለዚህስ ሰው ራሱ ይደውል ብዬ ለመንሁት። የአረጋውያኑ ቤት ካልጠየቀ አላወጣም፤ ካስከፋሽ ሌላ ሰው ይቅዳው አለኝ። መልእክቱ እዚያው አለ። ሌላ ሰውም አልቀዳውም፤ የኔው ድምፅ ነው።

እሱ ሲወጣ የጥሪውን መዝገብ ከፈትሁ። ተነስቷል ይላል። ከዚያ ሁለትን ተጭናለች፤ አሁንም ሁለትን። አራት ጊዜ አስደግማ መጨረሻ ላይ አንድን ተጭናለች። ጆሮዋ ደከም ስላለ አልሰማ ብሏት ይሆናል አልሁ። የማያፍረው ጭንቅላቴ ምናልባት ፈጥኜ አንብቤው ይሆናል፣ ረጋ ብዬ መቅዳት ነበረብኝ ብሎ ማስላት ጀመረ።

ዓርብ ጠዋት ግቫት ጺዮን ሄድሁ። የአጎቴ ዕቃ በአንድ ጥቁር ከረጢት መጥቶ እናቴ ሶፋው ላይ ዘርግፋ ልብሱን ታጥፋለች። ጉንጯ መሻር ጀምሯል። አጠገቧ ተቀመጥሁና እኔም አንድ ሸሚዝ አነሳሁ።

«ያን ዕለት ስልኩን አራት ጊዜ አስደግመሽዋል። አልሰማ ብሎሽ ነው?»

«በመጀመሪያው ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አስደገምሽው?»

የያዘችውን ሹራብ አጥፋ ሌላው ላይ ደረበችው። «ማሽን እንደሆነማ አውቃለሁ። የኩፓት ሆሊሙም፣ የክሊኒኩ፣ እንዲሁ ነው የሚደውል። ግን ድምፁ ያንቺ ነው። ባስደግምሽ አንዱ ላይ እንኳ እማዬ ትይኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አራት ጊዜ አይቼ አንድን ተጫንሁ።»

እማዬ ልላት አፌን ከፈትሁ። ያ የማሽኑ ድምፅ እንዳይወጣ ፈርቼ መልሼ ዘጋሁት።