ስምንት የሞላላቸው መምህር

የኬሚስትሪ መምህሩ የአቶሞችን ትስስር ሲያስተምሩ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ያስቆጥራሉ። ስምንት ነው። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ከሥራቸው ተቆርጠዋል።

«አቶም ውጨኛው ምህዋሩ ላይ ስምንት ኤሌክትሮን ከሞላለት አርፎ ይቀመጣል» ይላሉ፣ ጠመኔ የጠገበ ኮታቸውን እያራገፉ። «እዚህ ክፍል ውስጥ እንግዲህ የሞላልኝ እኔ ብቻ ነኝ። እናንተ ባለ አሥሮች ገና ትቅበዘበዛላችሁ።» ከሁሉም ቀድመው የሚስቁት ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ካለ የሚቀበል አለ ብለውናል። የእርስዎን ሁለቱን ማን ተቀበለ?»

«የአባቴ የእንጨት መሰንጠቂያ» አሉ ሳያመነቱ። «ትስስር ግን አልፈጠርንም። ወሰደና አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም።»

ሳቁ ሳይበርድ ከጎረቤት አናጢ ቤት መጋዙ መጮህ ጀመረ። የመምህሩ ግራ እጅ ሹልክ ብሎ ኮት ኪስ ውስጥ ገባ። ፊታቸው ላይ ፈገግታው እንዳለ ነው።

«እና አቶሙ የሚያርፈው ስንት ሲሞላለት ነው?»

«ስምንት» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ጎሽ፣ ስምንት» አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ብቻ ከፍ አድርገው።

ከኋላ ያለችው ልጅ አምስቱን ጣት ቆጠረች። እጇን ግን ደግማ አላወጣችም።